ከለቅሶ ቤት ደጃፍ ያሰናበትኩት ጠበቃ

ጠበቃው ስልክ አያነሳም። መጀመሪያ አካባቢ አንዳንዴ ያነሳ ነበር። «እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ሰኞ ነይ» ይለኛል። ሰኞ ስሄድ ቢሮው ዝግ ነው። ኋላ ኋላ «ሰኞ ነይ» ማለቱም ቀረ። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ስልክ ውስጥ የምትኖረው ሴትዮ አሁን መልስ እንደማይሰጥ ትነግረኛለች። ድምጿን ከገዛ እህቶቼ ድምፅ በላይ ለመድኩት።

ጉዳዩ የሟች ወንድሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ኮንጋ ላይ ቡናና እንሰት ያለበት ማሳ ነበረው፣ አባታችን በሕይወት እያለ ያካፈለው። ሚስቱ ቀድማው ስለሞተች አንዲት ሴት ልጁን ብቻውን ነበር የሚያሳድጋት። እሱም ታመመ፣ ተኛ፣ አልተነሳም። እዚያው ማሳው ጥግ፣ እንሰቱ ሥር ቀበርነው። ልጅቷን ዲላ እኔ ዘንድ አመጣኋት። ከሴት ልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛች፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ገባች።

የመቃብሩ አፈር ገና ሳይጠጥር የአጎታችን ልጅ ማሳው ውስጥ ገብቶ መኮትኮት ጀመረ። «ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለ። እኛም ተባረክ አልነው። ከዚያ አጥሩን ገፋ። ከዚያ ደግሞ ሟቹ በሕይወቱ ሰጥቶኛል ይላል ብለው ሰዎች ነገሩኝ። ምን ሰጠው? ወንድሜ ለሱ ጥርስ መፋቂያ እንኳ ሲሰጥ ያየ የለም።

ፍርድ ቤት የሄድኩት ለዚህ ነው። ልጅቷ የአባቷ ወራሽ መሆኗ በፍርድ ካልተረጋገጠ፣ እኔም ሞግዚቷ ተብዬ ካልተሾምኩ፣ ማሳው በስሟ አይዞርም። በስሟ ካልዞረ ቡናው ሲቀላ የሚለቅመው የአጎቴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ከለቀመ ለከርሞ ማን ያስወጣዋል? እኛ ዘንድ የለቀመ ሰው ባለቤት ይመስላል።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ገበያ ቆጮና ቡላ እየሸጥኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ገበያ ላይ ማንንም አልፈራም። ቢሮ ስገባ ግን እፈራለሁ። የምፈራው ሰውየውን አይደለም፣ ጠረጴዛውን ይመስለኛል። ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሁሉ አባቴን የሚያህል ይሆንብኛል። ጠበቃው በዕድሜ ከእኔ ታናሽ ነው። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል፣ ሁለታችንም ልክ ይመስለን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ታሪኬን ሰማ፣ «ይቺ ቀላል ናት» አለኝ። ወረቀቶቹን፣ የመሬቱን ደብተር፣ የወንድሜን የሞት ማስረጃ፣ የልጅቷን የልደት ማስረጃ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በእንሰት ቃጫ ጠፍሬ አስሬ ነበር የወሰድኩለት። እኛ ቆጮ ሩቅ መንገድ ሲሄድ እንዳይፈታ የምናስርበት አስተሳሰር ነው። ፌስታሉን ተቀበለኝ። ውክልና ፈረምኩለት። የነገርኩትን ማመልከቻ አድርጎ አስገባ፣ መዝገብ ተከፈተ። ዳኛው ማስረጃችሁን አያይዙ፣ ምስክር አምጡ ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠበቃው ጠፋ።

ያን ጊዜ የሠራሁትን ስህተት ሌላ አገር ያለ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። ሽማግሌ ላክሁበት።

እኛ ሰው ሲያስቀይመን የምናውቀው አንድ መንገድ ነው። ኮንጋ ወጥቼ፣ ሶንጎ የሚቀመጡትን አባቶች፣ ማለት ሣሩ ላይ ተሰብስበው የሰፈሩን ጠብ የሚፈቱትን፣ ለመንኳቸው። ዱላቸውን ይዘው ዲላ ድረስ ወረዱልኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠበቃው ቤት ሄድን። ጠበቃው ሲያያቸው ደነገጠ። ተነሣ፣ ጎንበስ ብሎ የትልቁን አባት ጉልበት ሳመ፣ «አጥፍቻለሁ አባቶቼ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ። ሚስቱ ምሳ አቀረበች። በላን። ትልቁ አባት የእኔን እጅና የሱን እጅ አጨባብጠው መረቁን። እኔ አለቀስኩ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ።

ከጎኔ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ፣ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ የከተሙ ሙስሊም ነጋዴ ናት፣ ይህን ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አንቺ ሴትዮ! ሽማግሌ የሚላከው ለትዳር ነው። ጠበቃውን ልታገቢው ነው እንዴ?»

«ተይ እንጂ፣ ይቅርታ ጠይቋል።»

«ይቅርታውን ለዳኛው ታያይዢዋለሽ?»

ተቀየምኳት። እውነቷን ግን ነበር። ከዕርቁ በኋላ ጠበቃው ጭራሽ ልቡ ረጋ። መናኸሪያ አካባቢ አንድ ቀን ፊት ለፊት ስንገናኝ «ታርቀን የለም እንዴ፣ ምን ያሳስብሻል?» ብሎኝ ባጃጅ ውስጥ ገባ። እኔ ደግሞ በዕርቁ ታሰርኩ። አባቶች መርቀው ያስታረቁትን ሰው መክሰስም ማማትም ነውር ነው። ባማርር የማዋርደው እሱን አይደለም፣ ከኮንጋ ድረስ ወርደው የመጡትን ነው። 

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ልጅቷን ይዤ በሚኒባስ ይርጋ ጨፌ ሄድኩ። ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ኋላ ቆሜ በሩን በሩን አያለሁ። ጠበቃው የለም። መዝገባችን ሲጠራ ዝም አልኩ፤ ከጠበቃ በቀር ሌላ ሰው መናገር የሚፈቀድለት አይመስለኝም ነበር። ልጅቷ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አክስቴ፣ የኛ ነው! የአባዬን ስም ጠሩ!»

እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

«ጠበቃሽ የታል?» አለ ዳኛው።

«ይመጣሉ ጌታዬ። መንገድ ላይ ናቸው።» ዋሸሁለት። የት እንዳለ የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ አደረግሁት።

ዳኛው ጠበቀ፣ ሌላ መዝገብ አየ፣ መልሶ ጠራን። ጠበቃው አልመጣም። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምቀጥረው» አለኝ። «በሚቀጥለው ማስረጃ ካልቀረበ መዝገቡን እዘጋዋለሁ። ገብቶሻል?»

ገብቶኛል አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ነው የገባኝ። ቀጠሮው ያለው ቡናው በሚቀላበት ወር ነው።

ስንወጣ የአጎቴ ልጅ ሞተሩን ተደግፎ ቆሟል። «እህት ዓለም!» አለኝ ጥርሱን እያሳየ። «ጠበቃሽ አሞት እንዳይመስልሽ። ትናንት ዲላ አይቼዋለሁ፣ ሳምቡሳ ሲበላ ነበር። ደህና ነው።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ «አንቺም አትቸገሪ፣ ቡናውን እኛ እንለቅምልሻለን» አላት። ልጅቷ ጉያዬ ውስጥ ገባች።

 ሚኒባሱ ከይርጋ ጨፌ ከራቀ በኋላ ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «አክስቴ፣ ማሳው የነሱ ከሆነ የአባዬ መቃብርስ? አንገባም ማለት ነው?» አለችኝ።

 «እንገባለን» አልኳት። ይህን ያልኩት ከድፍረት አይደለም፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። ግን አንዴ ከአፌ ወጣ። ልጅ የሰማው ቃል ደግሞ አይመለስም። ዲላ እስክንደርስ ድረስ ይህን ሰውዬ አሰናብተዋለሁ፣ አሰናብተዋለሁ እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር።

በማግስቱ ቆጮዬን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ኮንጋ ወጣሁ። ከዋናው መንገድ በሞተር፣ ከዚያ በእግር። ትልቁን አባት ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዲላ አብረዋቸው የወረዱ ሌላ ሽማግሌም ነበሩ። ተንበርክኬ ነገርኳቸው፦ ያስታረቃችሁኝን ሰው ላሰናብተው ነው፣ ቃላችሁን ማፍረስ ከሆነብኝ አስቀድማችሁ ፍቱኝ።

ሌላኛው ሽማግሌ ተቆጡ። «ምን ማለት ነው? የበላነው ምሳ ሳይፈጭ? ነገ ሌላ ሰው ለማስታረቅ ስንሄድ ምን ሊሉን ነው?»

ትልቁ አባት ከዱላቸው ጫፍ ጭቃ ፋቁ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ ከሱ ጋር አትጣዪ ነው ያልንሽ። ከሱ ጋር ኑሪ ብለንሻል?»

«አላላችሁም አባቴ።»

«ታዲያ ምን እንፍታ? በሬ አራሽ አልሆነም ተብሎ ሲመለስ ከባለቤቱ ጋር ጠብ አለ?»

ያኛው ሽማግሌ «ጠበቃው በሬ አይደለም» ብለው አጉረመረሙ።

«በሬማ ቢሆን ይታረስበት ነበር» አሉ ትልቁ አባት። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ፊታቸው ጠና። «አንድ ነገር አለ። ዕርቁን እንዳታፈርሺ ከፈለግሽ ፊት ለፊት ንገሪው። ከጀርባው ቢሮ ሄደሽ ወረቀት ቀደሽ እንዳይሆን፣ እሱ የሌባ ነው። ዓይኑን እያየሽ። ድምፅሽንም አታንሺ፣ አትስደቢው። እንዲህ ካደረግሽ ምርቃታችን አብሮሽ ነው። ለምስክርነቱም እንወርዳለን።»

ቀና ብዬ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ። እኔኮ ያሰብኩት እሱን ሳላይ ውክልናውን ለመሻር ነበር። አሁን ልፈልገው ነው፣ ላገኘው ነው፣ ዓይኑን ልመለከት ነው። ስልክ የማያነሳን ሰው ደግሞ የት ታገኚዋለሽ?

ይህን የመለሰችልኝ ያቺው የተቀየምኳት ጎረቤቴ ናት። ቢሮው ደጃፍ ቆሜ ውዬ የተመለስኩ ቀን ስኳር እየመዘነች «የጠበቃሽ ጎረቤት ሽማግሌ ሞተዋል፣ ድንኳን ተክለዋል» አለችኝ።

«ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ምን አገባኝ?»

«አንቺ ደግሞ! ስልክ የማያነሳ ሰው ሞልቷል። የጎረቤቱን ለቅሶ የሚቀር ሰው ግን ዲላ ላይ ይኖራል? ነጠላሽን አድርጊና ሂጂ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ቤት ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። ለማስመሰል ላለቅስ ነበር የገባሁት፣ የሟቹ ሴት ልጅ «አባዬ» ስትል ግን የወንድሜ ልጅ ድምፅ መጣብኝና ከልቤ አለቀስኩ። አንዲት አሮጊት ጀርባዬን እያሻሹ «አይዞሽ፣ የቅርብ ዘመድ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እላቸዋለሁ? በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ንፍሮ አቀረቡልኝ፣ በላሁ።

ጠበቃው ከቀትር በኋላ መጣ። ጋቢ ለብሷል። ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ አየኝ፣ ያላየኝ መሰለ። ቀድሜው ወጥቼ አጥሩ በር ላይ ቆምኩ። ሌላ መውጫ የለውም።

ሲወጣ «ጤና ይስጥልኝ» አልኩት።

«እህቴ! እዚህ ምን እግር ጣለሽ? ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?»

«ዛሬ አወቅኋቸው። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን። ስሚ፣ ሰኞ ነይ፣ የግድ ሰኞ እንጨርሳለን።»

«ሰኞ አልመጣም። ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እኔ የትም አልሄድም። ጉዳዬን ልወስድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጠበቃዬ አይደሉም።»

 ዓይኑን አየሁት። ቡናማ ዓይን ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን። እስከዚያ ቀን ድረስ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ሁልጊዜ የማየው ጠረጴዛውን ነበር።

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ እኮ ለቅሶ ቤት ነው። ደግሞስ ታርቀን የለም? አባቶች ምን ይሉሻል?»

«እነሱን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ከእርስዎ ጋር አልጣላም። መንገድ ላይ ሳገኝዎ ሰላም እልዎታለሁ። ዕርቁ ዕርቅ ነው። ጉዳዬ ግን የእኔ ነው።»

«እሺ፣ ዳኛ ፊት ቆመሽ ምን ልትዪ ነው? አፍሽ ይተሳሰራል።»

«ይተሳሰር። የእኔ አፍ ቢተሳሰርም እዚያው ችሎቱ ላይ ይገኛል።»

ይህን እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ሰዎች ከድንኳኑ እየወጡ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «ሰላም ነው ልጆች?» አሉ። «ሰላም ነው አባቴ» አልን ሁለታችንም፣ በአንድ አፍ።

«ወረቀቶቼን» አልኩት። «አሁን።»

«ቢሮው ተዘግቷል፣ ቁልፉ...»

«ቁልፉ የትም ይሁን፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጎን ለጎን ሄድን። ቢሮው ውስጥ መደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ብዙ ካገላበጠ በኋላ ፌስታሌን አወጣ። አቧራ ለብሷል። ቃጫው እንዳሰርኩት ነው። ቋጠሮዬን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ሰው ቢፈታው መልሶ እንደዚያ ሊያስረው አይችልም። እነዚያን ወራት ሁሉ አልከፈተውም።

ትልቁ አባት ድምፅሽን አታንሺ ባይሉኝ ኖሮ ያን ቀን ቢሮው ሌላ ለቅሶ ቤት ይሆን ነበር። ቋጠሮውን በጣቴ እየዳበስኩ «አልተፈታም» አልኩ ብቻ።

እሱም አየው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ብዙ መዝገብ ያዝኩ፣ እህቴ» አለኝ። «የመጣውን ሁሉ እሺ እላለሁ። ሰው ፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ከዚያ ስልኩ ሲጠራ እፈራዋለሁ።»

እሱም ይፈራል። ያን ሲለኝ አዘንኩለት፣ ውሸት የለኝም። ፌስታሉን ግን ብብቴ ሥር አጥብቄ ያዝኩ። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝ። «ውክልናውን የሰጠሽበት ቢሮ ሄደሽ ሻሪው። የሻርሽበትን ወረቀት ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ስጪ። አለዚያ ዳኛው እኔን ነው የሚጠብቀው።» ከሱ ካገኘሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። አመስግኜው ወጣሁ። በማግስቱ እንዳለኝ አደረግሁ፣ ልጅቷ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ፈረምኩ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን አባቶች ከእኔ ቀድመው ይርጋ ጨፌ ደርሰው ነበር። መዝገባችን ሲጠራ ከኋላ አልቆምኩም። ልጅቷን በእጄ ይዤ ወደ ፊት ሄድኩ።

«ጠበቃሽስ?»

«የለኝም ጌታዬ። አሰናብቼያለሁ። ወረቀቱ መዝገብ ቤት አለ።»

ዳኛው መዝገቡን ገለጠ፣ አገኘው። «ማስረጃሽን አምጪ።»

እዚያ ላይ ነው አፌ ሳይሆን እጄ የተሳሰረው። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። የራሴ ቋጠሮ! ጣቴ ይንሸራተታል፣ ችሎቱ ሁሉ ያየኛል፣ አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። በጥርሴ ያዝኩት። ዳኛው ሌላ መዝገብ መጥራት ሲችል ብዕሩን አስቀምጦ «ቀስ በይ፣ እንጠብቅሻለን» አለኝ። ፈታሁት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰጠሁት።

ተቃውሞ ይዞ የመጣው የአጎቴ ልጅ ተነሥቶ ሟቹ በሕይወቱ ሰጥቶኛል አለ። «ሲሰጥህ ማን ነበረ?» አለው ዳኛው። የአጎቴ ልጅ ዞር ሲል ዓይኑ የገጠመው ከትልቁ አባት ጋር ነው። «እኔና እሱ ብቻ ነበርን» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። ትልቁ አባት ቀርበው የሚያውቁትን ተናገሩ፤ አባታችን መሬቱን ሲያካፍል እንደነበሩ፣ ልጅቷ ስትወለድ መርቀው ስም እንዳወጡላት። እኔንም ዳኛው ጠየቀኝ። ተንተባተብኩ፣ ጌዴኦኛና አማርኛ ደበላለቅሁ። ግን ጨረስኩ።

ውሳኔው ሲሰጥ ቡናው ገና ግማሹ ነበር የቀላው። ልጅቷ ወራሽ፣ እኔ ሞግዚት። የቀበሌውን ሰዎች ይዘን ኮንጋ ስንወጣ የአጎቴ ልጅ ከነቅርጫቱ ማሳው ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ሲነበብለት ሰማ። ቅርጫቱን እንደያዘ እኔን እኔን እያየ ቆመ፣ እኔም ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም።  ኋላ የለቀመውን እዚያው ሣሩ ላይ ገለበጠና ባዶውን ቅርጫት አንጠልጥሎ በታችኛው መንገድ ወረደ። ልጅቷ በቀጥታ የሄደችው ወደ ቡናው አይደለም። ወደ አባቷ መቃብር ነው፤ የበቀለበትን አረም ስትነቅል እኛ ለቀማውን ጀመርን።

ጠበቃውን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሌላ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ሴቶቹ ጋ ቦታ ስላልነበረ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከአግዳሚው ተነሥቶ «እዚህ ይቀመጡ፣ እትዬ» አለኝ። ሰላም አልኩት፣ ጤንነቱን ጠየቅሁ፣ ተቀመጥኩ። አባቶች ያሉት እንደዚያ ነበር።